አምባዛው በእድሩ ሳፋ

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት! ሐዘንና ደስታ ሳይለይ ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለን ሰማያዊው ትልቁ ሳፋ ከትናንት ማታ ጀምሮ የደረሰበት አልታወቀም።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኦላና ይህን ሲያውጁ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለሟቹ ለአቶ ሰይፈሥላሴ እንኳ አላወለቁም ነበር። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ካርታቸውን ደፉ።

የሟቹ ልጅ ቀናው የሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ፍራሹ ላይ አንገቱን ደፋ። ሳፋው ሽንት ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ተከድኖበታል። ውስጡ ክንድ የሚያህል አምባዛ ዓሣ አለ። ከነሕይወቱ።

ያመጣው ባለሱቁ ሻፊ ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ ከባቡር ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሻፊ ጋር ግድቡ ዳር ይውሉ ነበር። ያጠምዳሉ፣ አገላብጠው ያያሉ፣ መልሰው ይለቃሉ። ሰፈሩ አቶ ሰይፈሥላሴን «ዓሣ አስጎብኚው» ይላቸው ነበር።

«ሊለቁት እጃቸውን ውሃ ነክረው ነበር» አለ ሻፊ፣ አስከሬኑን ይዞ የመጣ ዕለት። «እንደዚያው ወደቁ። የሟች ንብረት ለቤተሰብ ነው ብዬ በባልዲ አመጣሁት። ካጠፋሁ አውፍ በለኝ።»

ባልዲው ዓሣውን ጠበበው፤ ቀናው ትናንት ማታ በግርግሩ መሃል ሳፋውን ሰረቀ። ዓሣውን ሊለቀው ቆርጧል፤ ግን ብድግ ባለ ቁጥር አንድ እጅ ትከሻውን ይጫነዋል። «ሐዘንተኛ አይነሳም!» ሽንት ቤት እንኳ በአጃቢ ነው የሚሄደው።

በቀኙ የዓሣ ሀብት ቢሮ አለቃው አቶ ፈቀደ ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

«አይዞህ ቀናው። ሰው ያልፋል፣ ፖሊሲ ይቀራል። የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ፖሊሲያችን ጸደቀ እኮ! ያንተ አንቀጽ አንድ ፊደል አልተነካም።»

ቀናው ራሱ ያረቀቀውን አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል። በመራቢያ ወቅት ሕያው ዓሣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ያስቀጣል። ወቅቱ ደግሞ ይኸው አሁን ነው።

አባቱ ረቂቁን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው አንብበውት ነበር።

«እዚህ ሁለት ዓይነት አጥማጅ ነው ያለው፤ ለመሸጥ የሚያጠምድና ቱሪስት። እኔስ የቱ ጋ ነኝ?»

«አባባ፣ በሚቀጥለው ማሻሻያ አስገባሃለሁ።»

«የገዛ ልጄ ነገ ተመለስ አለኝ!» ብለው ሳቁ። በማግስቱም የማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

የአባቱ እህት እትዬ አሰጋሽ ጎንበስ ብለው ጆሮው ሥር ሹክ አሉት።

«ቀናዬ፣ ጓሮ ያለውን አየሁት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ለጿሚው እግዜር የላከው ነው። ቢላውንም ስዬዋለሁ።»

ቀናው ተነሣ።

«ሐዘንተኛ አይነሳም!» አሉ ጋሽ ኦላና በማይክ።

ትከሻው ላይ ያረፈውን እጅ አውልቆ ወጣ። ከሻፊ ጋር ሳፋውን ከመኪናው ኋላ ጫኑት። ከቃሊቲ ጀምሮ ከባድ መኪናው ሁሉ ተገትሯል፤ አምባዛው በየፍሬኑ ራሱን ከሳፋው ጋር ያጋጫል። ሻፊ በመስታወቱ እያየ «ያ ረቢ፣ ብቻ በኔ መኪና እንዳይሞት» ይላል።

ግድቡ ጋ ሲደርሱ ቀናው ዓሣውን ሊያነሣው እጁን ሰደደና ተወው። ልጅ ሳለ አባቱ እጁን ይመቱት ነበር፤ «ደረቅ እጅ ያቆስለዋል! መጀመሪያ አርጥብ!»

እጁን ነከረ። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ዓሣውን በሆዱ በኩል ደገፈው። አምባዛው አልሄደም። የሚይዘው የሌለ መሆኑ የገባው አይመስልም። ቆይቶ በጭራው አንዴ ደረቱን በጥፊ መታውና ጠፋ።

ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ሳፋው በብብቱ፣ ሱሪው እንደራሰ ነው።

«ሳፋችን!» አሉ ጋሽ ኦላና። ሊጨበጨብ ትንሽ ቀረው።

አቶ ፈቀደ ግን አየሩን አሸተቱ።

«ቀናው… ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ። በመራቢያ ወቅት? ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም።»

«ወይ የዓሣ ወጤ!» አሉ እትዬ አሰጋሽ። ወዲያው ግን ልብሱን አዩና ፎጣ ዘረጉለት። «በል እንካ፣ እጅህን እንኳ አድርቅ።»

ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን እርጥብ እጆቹን፣ ዓሣውን እንደደገፈባቸው ሁሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። ፎጣውን አልነካም።

«አይደርቁም» አለ።

«ኧረ ለምን?» አሉ አክስቱ።

አቶ ፈቀደም ጠጋ አሉ። «አስረዳኝ እንጂ፣ ሰኞ ቢሮ ምን ብዬ ልመልስ?»

«አላስረዳም።»