ሠርፀ የያዘው ስልክ

ሠርፀ ሲዋሽ ናይል ቆሞ ያዳምጠዋል ይባላል። ይህን ያለው ራሱ ሠርፀ ስለሆነ እውነት ላይሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የጋሽ ኃይለመለኮት ሆቴል ጄኔሬተር ሲበላሽ ሠርፀ ይጠራል፣ ጨዋታ ሲበላሽም ሠርፀ ይጠራል። ጀበል ኩጁር ተራራ ላይ ያገኘው ጅብ መንገድ ጠይቆት እንደሄደ፣ አንዴ ናፍጣ ቢያልቅበት ጄኔሬተሩን በአረቄ አስነስቶ ሞተሩ እስኪነጋ ሲያንጎራጉር እንዳደረ እየማለ ይናገራል።

ስለዚህ ያን ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ኃይለመለኮት ጓዳ ጠርተውት በሩን ሲዘጉ፣ ከውሸቶቹ አንዱ የተነቃበት መሰለው። ወጥ ቤቷ አልጣሽ ጥግ ቆማ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። በእጇ ሽንኩርት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግዳ ተቀባይዋ የሶሊ እናት፣ እማማ በዛብሽ፣ ትናንት ማታ አርሲ፣ ሳጉሬ ላይ አርፈዋል። የጎረቤት ልጅ ናቲ ወደ ሶሊ ሳይሆን ወደ አሠሪዋ ደወለ፤ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ከካቶር ሰፈር ቄሱን፣ ከከተማው ዳር ከረጃፍ ያገሯን ልጆች እስኪያሰባስቡ ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። እስከዚያ ሶሊ አንዲት ቃል እንዳትሰማ። ስልኳ ደግሞ ከእጇ አይለይም፤ ፌስቡክ ላይ ቸኩሎ ነፍስ ይማር የሚል አንድ ቀዥቃዣ አይጠፋም።

«ዕድሜህን ሙሉ ለዋዛ ዋሽተሃል» አሉት። «ዛሬ ለቁም ነገር ዋሽ። ስልኳን ያዝና ከዚህ ቤት አርቃት።»

ወዴት እንደሚወስዳት ቢጠይቅ የትም አሉት። አልጣሽ ከጥግ ሆና፣ «አብላት፤ ነገ አትበላም» አለች።

ሶሊ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ የሰውን መግቢያና መውጫ ስትመዘግብ የራሷ መውጫ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ዘንድሮ ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ ብላ ለእናቷ ወፍራም ሹራብ ገዝታለች፤ ሳጉሬ ብርድ ነው። በዚህ አገር ሙቀት ሹራብ መግዛቷን ሰምቶ ያልሳቀባት፣ አውጥታም ያላሳየችው እንግዳ የለም።

ሠርፀ ወደ ባንኮኒው ሲደርስ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሼ ለግድግዳቸው የከተማውን ሰው ፎቶ ይፈልጋሉ፤ የሱ ስልክ ሰው ሲያነሳ በግ ነው የሚያወጣው፤ የሷን ታምጣ።

«ጋሼ በሥራ ቀን እረፍት ሰጡኝ? ታመው ነው?»

«ንስሐ ገብተው ነው።»

ስልኩን ሰጠችው። እሷ ደጅ ወጥታ ቦዳ፣ ማለት የሞተር ታክሲ፣ ስትጠራ ሠርፀ የአውሮፕላኗን ምልክት ተጫነ። ከሰማይ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በሩ ተዘጋበት። ባለሞተሩ ወዴት ሲለው ደግሞ ምንም አላሰበም ነበርና ወንዝ ዳር ያለችው መናፈሻ አፉ ላይ መጣችለት።

ሙቀቱ ያን ቀን እንሽላሊት ጥላ ለማግኘት ሰልፍ የሚይዝበት ዓይነት ነበር። አንድ ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ከፊታቸው ስድስት ተመራቂዎች አንድ ጥቁር ካባ ይዘው መጥተዋል። አንዱ ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ ያወልቃል፣ ለሚቀጥለው ያለብሳል፤ ረጅሙ ሲለብሰው ጉልበቱ ላይ ይቀራል፣ አጭሯ ስትለብሰው ሣሩን ይጠርጋል። ወዲያ ማዶ ሙሉ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ ሬዲዮ ደረታቸው ላይ አድርገው አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ሠርፀ የሁሉንም ታሪክ ያውቃል፤ የማያውቀውን ይፈጥራል። ሽማግሌው እንቅልፍ የወሰዳቸው ሱዳን ሁለት አገር ሳትሆን በፊት ነው፤ ሲነቁ ፓስፖርታቸው ተቀይሮ ያገኙታል፤ ማንም ሊቀሰቅሳቸው ያልደፈረው ከየት ይጀመርላቸዋል ተብሎ ነው አላት።

ሶሊ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሠርፀ ፎቶ አነሳት።

«ይሄን ለእማዬ» አለች። «ሁሌ እንደ መታወቂያ ቀጥ ብለሽ ነው የምትነሺው፣ አንድ ቀን ስትስቂ ልየው ብላኛለች። ለናቲ ላክለት፤ እሱ ያሳያታል።»

ሠርፀ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ኔትወርኩ ተኝቷል አላት። ቀስቅሰው አለችው። የዚህ አገር ኔትወርክ በአረብኛ ካልሆነ አይነቃም፣ የሱ አረብኛ ደግሞ ለቲማቲም መግዣ ብቻ ነው የሚበቃው ብሎ አለፈው። ውሸቱ ጥሩ ነበር። ሲናገረው ግን ምላሱ ላይ እንደ አመድ ሆነበት።

ከዚያ የመናፈሻዋ ዘበኛ መጣ። ቁመቱ ማንጎውን ያለ መሰላል የሚለቅም ነው። ጁባ ውስጥ ስልክ ወደ ሰው ማነጣጠር ወዳጅ አያፈራም፤ ሰውየው እጁን ዘርግቶ «ማፊ ሱራ» አለ፤ ፎቶ ክልክል ነው ማለቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ይደብቅ ነበር። ሠርፀ ግን ስልኩ ከእጁ ከወጣ ሁሉም ነገር እንደሚወጣ ስለሚያውቅ በቲማቲም አረብኛው ልቅሶ ጀመረ። ይህች እህቱ ናት። አንድ ባለጸጋ ለጋብቻ ጠይቋት ቤተሰቧ መቶ ሃያ ከብት ቢለው ፎቶዋን ካላየሁ አንዲት ጥጃ አልነዳም አለ። ዘበኛው ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። ሶሊን ከላይ እስከ ታች አያት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እሷ አጭር ናት፣ ሰማንያ ይበቃል አለ።

«ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ትናገራለች» አለ ሠርፀ ተቆጥቶ።

ዘበኛው አሰበና ወደ ዘጠና አምስት ከፍ አደረገው። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ እንዳትመታት ራሱ ክንዷን ይዞ አዞራት፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ አላት፣ ተመራቂዎቹንም ከኋላዋ አባረረላት። ሶሊ ሳቋን መያዝ ተሳናት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሠርፀ ሰባት ጊዜ አነሳት።

«እማዬ ዘጠና አምስት ላም የት ታስራለች» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ጓሮው እንኳን ለአንድ በግ አይበቃም። ስነግራት ግን ደጁን ታስጠርጋለች፣ አታውቃትም።»

ሠርፀ ዓሣ ልግዛ ብሎ ተነሳ። ከምትጠብሰው ሴትዮ ትልቁን መርጦ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ፣ ብይ አላት፣ ጭንቅላቱንም ብይ አላት። አንተስ ብትለው ጾም ላይ ነኝ አለ። ሐሙስ ቀን ምን ጾም ነው ስትለው የግሌ ነው አላት።

በልታ ስታበቃ ወንዙን ማየት ያዘች። የሣር ደሴቶች ተንሳፍፈው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ በአንዷ ላይ ነጭ ወፍ ያለ ክፍያ ተሳፍራለች። ሶሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይሄኛው ነጩ ናይል መሆኑን፣ ከኡጋንዳ እንደሚመጣ፣ ያገሯ ውሃ በዚህ በኩል እንደማያልፍ መጀመሪያ እንደመጣች ሰው ነግሯት ቅር እንዳላት አወራችው።

«ቢያልፍ ኖሮ እሑድ እሑድ እየመጣሁ እግሬን እነክረው ነበር» አለች። «ከእማዬ አገር የመጣ ውሃ ነው ብዬ።»

ሠርፀ ሌላ ቀን ቢሆን ከአርሲ በምድር ሥር የሚመጣ ምሥጢራዊ ምንጭ ይፈጥርላት ነበር። ያን ቀን ግን እጅሽን ታጠቢ ብቻ አላት።

እሷ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ስልኩን ከፈተ። ሠርፀ ለማንም ያልተናገረው አንድ እውነት አለው። የሱ እናት ያረፉ ጊዜ መርዶው የተነገረው በአሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ኋላ ቀኑን ወደኋላ ቆጥሮ ስልኩን ቢያይ፣ በዚያው በቀብሩ ቀን ሠርግ ላይ የዶሮ እግር ነክሶ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው ተገልጦ የተነሳው ፎቶ አገኘ። ያንን ፎቶ ማየትም ማጥፋትም አልቻለም። እናቴ አፈር ሲለብሱ እኔ ቅልጥም ስግጥ ነበር እያለ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ሶሊም ነገ ወደኋላ ትቆጥራለች። ስለዚህ የሳቀችባቸውን አንድ በአንድ ያጠፋ ጀመር። አፏን የያዘችውን አጠፋ። ሆዷን የያዘችውን አጠፋ። ወንዙን የምታየውን ተወው።

«የምስቅበትን ነው እንዴ የምታጠፋው?»

ከኋላው ቆማለች፤ እጇ ይንጠባጠባል።

መልስ አላጣም። ዓይንሽ ተጨፍኖ ነበር የሚል አለ። ማስቀመጫው ሞላ የሚል አለ። ዘበኛው አዘዘኝ የሚልም አለ። ሦስቱም ደህና ውሸቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልወጡም። ሠርፀ መልስ ያጣበትን ቀን አይታ የማታውቀው ሶሊ ፊቱን አየች። ከዚያ ስልኩን፣ ከጥጉ ያለችውን ትንሽ አውሮፕላን። ከዚያ የዓሣውን አጥንት። ጋሼ በሥራ ቀን እረፍት ሰጥተዋታል። ጨው ለማበደር የምታስለምናት አልጣሽ ስትወጣ ሦስቴ ስማታለች።

አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እማዬ ናት?»

አንገቱን ደፋ።

«መቼ?»

«ትናንት ማታ።»

«ተቀበረች?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት።»

ሠርፀ ትጮኻለች ብሎ ክንዱን አዘጋጀ። አልጮኸችም። መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ተመራቂዎቹ ካባውን አጣጥፈው ሄዱ። ሠርፀ ይቅርታ እያለ ስለ ዶሮው እግር፣ ስለ ሠርጉ ፎቶ እየተደናቀፈ ነገራት፤ በሕይወቱ ሳያሳምር የተናገረው የመጀመሪያው ታሪክ ነው።

«መልሳቸው» አለችው።

«ምኑን?»

«ፎቶዎቹን። ለእሷ ብዬ ነው የሳቅሁት።»

ከተጣሉበት አወጣቸው። አንድ በአንድ ተመለሱ። ሶሊ እያንዳንዱን አየች፣ ሆዷን ይዛ የምትስቅበት ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰችና ስልኩን መልሳ ጭኑ ላይ አኖረችው። አንተ ጋ ይደር አለችው። ስልኳን ይዛ ከገባች ጋሼ ማወቋን ያውቃሉ፤ ቄሱን ከካቶር፣ ሰዎቹን ከረጃፍ ለምነው ሰብስበው በከንቱ ሊሆንባቸው ነው።

«ንጋት ላይ ሲያንኳኩ እንዳልሰማ ሰው እከፍትላቸዋለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«አንተ ከቀትር ጀምሮ ችለህ የለ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዳ ያዙ። ባለሞተሩ ከፊት፣ ሠርፀ መሐል፣ ሶሊ ከኋላ። ሰውየው ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርገው ሶሊ ግንባሯን የሠርፀ ጀርባ ላይ አስደገፈች። ከዚያ እስከ ሆቴሉ ድረስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማው ነበር፤ ዞሮ ግን አላየም።

በሩ ላይ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ፣ ደክሞኛል ብላ ቀጥ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። አልጣሽ ከጓዳ ብቅ ብላ ሠርፀን ከኋላው አየችው። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሷል።

«ጀርባህ ምን ሆኖ ነው?»

«ላብ ነው» አለ ሠርፀ።