የፍልሰታ በረዶ

ፋጤ የመጨረሻዋን ዶሮ ከወደቀው ቆርቆሮ ሥር ጎትታ ስታወጣ በረዶው ጀርባዋን ይወግራት ነበር። ዶሮዋ አልጮኸችም፤ አንገቷ ዝም ብሎ ክንዷ ላይ ተንጠለጠለ።

«ስንት ተረፉ?» አለች ትበርህ ከደጃፏ።

«አሥራ ሁለቱም አሉ። አሉ ከተባለ።»

ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ጀርባ ባለው የቀበሌ ግቢ ሁለቱን ጎረቤታሞች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ቄቦቹን ከጫጩትነታቸው ጀምሮ አብረው ሲያሳድጉ የትኛዋ የማን እንደሆነች ተነጋግረው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ብርዱን ፈርተው የዶሮ ቤቱን በላስቲክ ጥፍር አድርገው የጠቀለሉትም አብረው ነው። ዛሬ በረዶው ላስቲኩ ላይ ተከመረና መውረጃ ሲያጣ ጣሪያውን ይዞት ወረደ።

«ለዓብዱልሀሚድ ደውዪለት» አለች ትበርህ። «ባልሽ ቢላዋ ይዞ መጥቶ ሳይበክቱ ይረዳቸው። እኔ ፍልሰታ ይዣለሁ፤ አልበላ፣ ማስቀመጫ ፍሪጅ የለኝ። ሁሉም ላንቺ ይሁኑ።»

ፋጤም ታውቃለች፤ ነገሩ ልክ ነው። ከሞቱ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም በክት ናቸው፤ አሁን ከታረዱ ቢያንስ የአንዱ ቤት ይበላል። ያ ቤት የእሷ መሆኑ ነው የከበዳት።

«ገና መጣል መጀመራቸው እኮ ነው» አለች። «ይቺ ዐይኗን ገለጠች፣ እያት።»

«ባልሽን ጉንፋን ሲይዘው እንኳ እንዲህ አልሆንሽም!»

«እሱ ዕንቁላል አይጥልም።»

ትበርህ ሳትወድ ሳቀች። ፋጤ ያለቻትን አንዲት ክፍል ምንጣፍ ጠቅልላ ካርቶን አነጠፈች፤ ላዩ ላይ ሰጋቱራ በተነችበት። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ በፎጣ ታደርቅ ጀመር። ትበርህም ቆማ ማየት አላስቻላትም፤ ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ ይዛ ከተፍ አለች።

«መልሺው!» አለቻት ፋጤ።

«በብርድ እያለቁ?»

«በላስቲክ ያፈንናቸው አንሶ አሁን ደግሞ በከሰል ጭስ እንፍጃቸው? ይልቅ መስኮቱን ከላይ ገርበብ አድርጊው። ነፋሱ ብቻ አይምታቸው።»

ትበርህ ማንደጃውን አወጣች። ተመልሳ ቁጢጥ አለችና ለብ ያለ ውሃ በስኳር በጥብጣ፣ መዋጥ የቻሉትን በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግላቸው ጀመር።

ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም ዘጠኙ በእግራቸው ቆሙ። ሦስቱ እንደተኙ ናቸው። ኩሳቸው አልጋው ሥር ሳይቀር ደርሷል። አዛን ሲሰማ ፋጤ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ለሰላት የሚሆን ንጹሕ ስንዝር ቦታ የለም።

ትበርህ ወደ ሦስቱ በአገጯ አመለከተች። «ቢያንስ ለእነዚህ ደውዪለት። በኋላ እንዳይቆጭሽ።»

ፋጤ እጇን አንደኛዋ ክንፍ ሥር ሰደደች። ሙቀት አለ፤ ትንሽ። ብዙ አይደለም።

«አልደውልም» አለች። «ከሞቱም የሁለታችን ሆነው ይሙቱ።»

ከዚያ ልብሷን ቀየረች፤ መስገጃዋን ከሳጥኑ አውጥታ ብብቷ ሥር ያዘች።

«አንድ ጥግ ትሰጪኛለሽ? የኔ ቤት ዛሬ ተይዟል።»

ትበርህ ቀድማት ቤቷ ገብታ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ትጎትት ጀመር።