ቀዩ ብስክሌት በሦስቱም አሸነፈ

መካኒኳ ሰውን የምታምነው ከመዘነችው በኋላ ነው ይሏታል። በብስክሌት ክለቡ ሃያ ዓመት ስትሠራ ልጆቹ «ጠርጥሬ» የሚል ቅጽል አውጥተውላት ነበር፤ እሷም አልከፋትም። «ያልጠበቀ ብሎን ቁልቁለት ላይ ይቅርታ አይጠይቅም» ትላቸዋለች።

አንድ ሰኞ አሰልጣኙ ሦስት የውድድር ብስክሌቶች አስመጥቶ ወርክሾፗ ውስጥ ደረደረላት። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ነው። ክለቡ ከሦስቱ አንዱን ዓይነት መርጦ ለተወዳዳሪዎቹ ሊገዛ ነበር። ብስክሌት እንደ ጫማ ቁጥር አለውና ማወዳደሪያው ፍትሐዊ እንዲሆን ሦስቱም ሃምሳ አራት ቁጥር እንዲሆኑ ለነጋዴዎቹ ተነግሯቸዋል።

«ክብደታቸውን፣ ግትርነታቸውን፣ ነፋስ አሰነጣጠቃቸውን ለክተሽ ንገሪኝ» አላት አሰልጣኙ። «ደግሞ እንዳትደነግጪ፣ ቀዩን ያመጣው የእህትሽ ባል ነው።»

ፊቷ ጠቆር አለ። የታናሽ እህቷ ባል ለአሥራ አንድ ዓመት አልዋጥ ያላት ሰው ነው። ክፋት አይታበት አይደለም። እንዲያውም ስትገባ ከወንበር ይነሳላታል፣ «እትዬ» ሳይል አይጠራትም፣ አንቱታውም አይጓደልበትም። ይኼ ሁሉ ጨዋነት በባዶ ሜዳ አይመጣም፣ ከጀርባው አንድ ነገር አለ ትላለች በሆዷ።

«ዘመድ ከሆነ ችግር አለው እንዴ?» አላት አሰልጣኙ።

«ምን ችግር አለው? ሁለት ጊዜ እመዝነዋለሁ እንጂ።»

ብስክሌቶቹን ከጣሪያው በወረደ መንጠቆ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው። ጥቁሩ ሰባት ኪሎ ከመቶ ግራም፣ ነጩ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቀዩ ግን ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። አወረደችና ደገመችው። ያው ነው። ቀጥላ ፍሬሞቹን በየተራ ከጠረጴዛው ጋር አስራ ፔዳሉ ላይ ሃያ ኪሎ ብረት አንጠለጠለች፤ ፍሬሙ ስንት እንደጎበጠም በመለኪያው አነበበች። ጥቂት የሚጎብጠው የተወዳዳሪውን ጉልበት አያባክንም። እዚህም ቀዩ በለጠ።

ቀላልም ግትርም! እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቆመች። የፍሬም ሠሪ ሥራ ሁሉ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መጨመር ነው። ፍሬሙን ያቀለለ ግትርነቱን ይሰጣል፣ ያገተረ ክብደት ይከፍላል። ይኼኛው ግን ምንም ሳይከፍል ሁለቱንም ይዞ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት ነፋስ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ወረዱ። ከክለቡ ልጆች ረጅሟ ተወዳዳሪ በየብስክሌቱ ተቀምጣ ፔዳል ሳትረግጥ ራሷን ለቁልቁለቱ ለቀቀች። ሜዳው ላይ ብስክሌቱ በቆመበት ቦታ መካኒኳ በጠመኔ ታሰምራለች። የቀዩ መስመር ሁለተኛ ከወጣው ከጥቁሩ አሥራ አንድ እርምጃ አልፎ ተሰመረ።

«አለቀ!» አለ አሰልጣኙ እጁን እያሻሸ። «በሦስቱም አንደኛ። ምን ቀረሽ?»

«እኔንም እሱ ነው የጨነቀኝ፤ ምንም አልቀረውም።» ወደ ተወዳዳሪዋ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ቀዩ እንዴት ነው?»

«ይበራል እትዬ። ብቻ… ጉልበቴ ክንዴን ይነካብኛል። ወገቤም እንደ ጎበጠ ነው የወረድኩት።»

መካኒኳ ብስክሌቱን እየገፋች ወደ ወርክሾፗ ተመለሰችና በሩን ዘጋች። ሜትር አውጥታ ከፔዳሎቹ መዞሪያ መሐል እስከ ፍሬሙ አናት ለካች። ከሁለቱ ሌሎች በሦስት ሴንቲ ሜትር ያጥራል! ኮርቻው ብቻ ነው ከፍ ተደርጎ እኩል የመሰለው። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው ግን «54» ይላል። ጠርዙን በጥፍሯ ይዛ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ የሌላ ጽሑፍ ሙጫ ጥላ ታየ፤ «51»።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ትንሽ ፍሬም ቁሱ ትንሽ ስለሆነ ይቀላል፤ ቧንቧው ስለሚያጥር አይጎብጥም፤ የተቀመጠበትን ሰው ስለሚያጎብጠው ነፋስ አያገኘውም። በአንዲት ስቲከር ሦስት ፈተና ታለፈ ማለት ነው። «አገኘሁህ!» አለች ጮክ ብላ። ደስ ያላት መሆኑን ልብ ያለችው ኋላ ነው።

የእህቷ ባል ሱቅ ስትደርስ እሱ ሳጥን እየከፈተ፣ እህቷ ባንኮኒው ጋ ዕቃ እየቆጠረች ነበር። ሰውየው እንደ ልማዱ ብድግ አለ።

«እንዴ፣ እትዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ለክለቡ የሰጠኸን ስንት ቁጥር ነው?»

«ሃምሳ አራት ነዋ።»

ስቲከሩን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «ከዚህ ሥር ሃምሳ አንድ ይላል። ይኼንን ማን ለጠፈው?»

ሰውየው ስቲከሩን አየ። ግራ ገብቶት ነበር። ይኼ የተጠና መደናገር ነው ብላ ጠረጠረች። ከዚያ ዓይኑ ለቅጽበት ወደ ሚስቱ ሄደና ተመለሰ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር፤ ግን ቶሎ መጣ። ቶሎ የመጣ ነገር ደግሞ አይጥማትም።

«የድሮውን በምን አነሳኸው?»

«በ… በቢላ። በቢላ ፋቅሁት።»

መካኒኳ ፍሬሙን በአጉሊ መነጽር አይታዋለች። ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት የለም። ያን ስቲከር ያነሳው ሰው በሙቀት አለስልሶ፣ በትዕግሥት፣ በረጅም ጥፍር ነው ያነሳው። ቀና ስትል የእህቷ እጆች ከባንኮኒው ላይ ወርደው ተሸሸጉ።

«አይ፣ እሱ አይደለም» አለች እህቷ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። በፀጉር ማድረቂያ። እሱ አያውቅም። ሃምሳ አራቱ መርከብ ላይ ቀረ፣ ቀኑ ደረሰ፣ መጋዘን ያለው ትንሹ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ቀኑ ካለፈ አልቀበልም ብሎ ነበር።»

«እኔ ልለካው እንደሆነ እያወቅሽ?»

«አንቺ ስለሆንሽ ነዋ! የእህቴ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ አልኩ።»

መካኒኳ ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ቁጭ አለች። ልጅ ሳለች ጫማዋን ያሰረችላት፣ ደብተሯን ያረመችላት ታናሽ እህቷ ናት። አንድም ቀን ጠርጥራት አታውቅም። ያልመዘነችው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። የሚስቱን ጥፋት ሲሸከም አንዲት ቃል ያላጉረመረመውን ሰው ደግሞ በየበዓሉ፣ በየልደቱ በጎሪጥ ስታየው ኖራለች።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው።

«እትዬ፣ እኔን ቢጠረጥሩኝ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን እርስዎ ካኮረፏት አትቋቋመውም።»

ይኼ ነው አንጀቷን የበላው። አውቆት ኖሯል! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነሳላት፣ ወንበር ሲስብላት፣ እንደማታምነው እያወቀ ነበር።

ወደ ክለቡ ተመልሳ ለአሰልጣኙ ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። «የቤተሰቤ ሥራ ነው፣ ከእንግዲህ ልኬቱ ላይ እጄን አታስገባ» አለችው። አሰልጣኙ ተቆጣ፣ ቀዩን ሰረዘው፤ ሌላ መካኒክ አስመጥቶ ሁለቱን አስለካና ጥቁሩን ገዛ። የቀዩ ሃምሳ አራት ቁጥር መርከቡ ሲደርስ የሚለካው አላገኘም። ቢለካ ኖሮ ስንተኛ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም።

እህቷ ለሁለት ወር ያህል ስልክ አላነሳችላትም፤ ያጠፋው ማን፣ የሚያኮርፈው ማን! መካኒኳ ግን በየቅዳሜው ወደ ሱቁ መሄድ ጀመረች። እህቷ ስታያት ወደ ጓዳ ትገባለች። ባልየው ሊነሳላት ሲል ትከሻውን ይዛ ታስቀምጠዋለች።

«አንተ ተቀመጥ፣ ወንድሜ» ትለዋለች። «ወንበሩን እኔ አመጣለሁ።»