ከርከሮው ማን ጋ ነው?

ዳግማዊት የወንድሟን ሬሳ ድሬዳዋ አድርሳ፣ አስቀብራ፣ ወደ ሐርጌሳ የተመለሰችው ለሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው ወንድሟ ዘሩባቤል ዳሚ ሰፈር ተከራይቶት የኖረውን ክፍል ባዶ አድርጎ ማስረከብ ነው። ሁለተኛው የአባቷ አደራ ነው። አባቷ በለቀስተኛ ፊት አንዲት እንባ አላፈሰሰም። መኪናው ሊነሳ ሲል ግን በመስኮቱ እጁን ሰዶ ክንዷን ያዘ።

«ልብሱን ለሚለብሰው ስጪው፤ ፍራሹንም» አላት። «ብረቴን ግን ይዘሽልኝ ነይ። ለአርባው እጄ ላይ ይሁን።»

ብረት የሚለው የሚስማር መንቀያውን ነው። ክንድ ያህላል። ጫፉ ላይ እንደ ጥርስ የሚገጥሙ ሁለት መንጋጋዎች አሉት፤ ከጎኑ አጭር እግር፣ ከላይ ረጅም እጀታ። መንጋጋዎቹን ከሚስማሩ ራስ ግራና ቀኝ ያስገቡና፣ እግሩን ሳንቃው ላይ አስደግፈው እጀታውን ወደ ታች ይጫኑታል። በተጫኑት ቁጥር ይነክሳል፤ እየነከሰም ያነሳል። አባቷ ምድር ባቡር ግቢ የፉርጎ ወለል ሲያድስ ያረጀው በዚህ ብረት ነው። እንጨት ውስጥ እስከ አንገቱ የሰመጠውን ሁሉ እየጫረ ስለሚያወጣ «ከርከሮ» ብሎ ስም አወጣለት። ዘሩባቤል አናጢነቱን ይዞ ወደ ሐርጌሳ ሲሻገር አባትየው ከርከሮውን በሸራ ጠቅልሎ ሰጠው። ሐርጌሳ ደግሞ በየአቅጣጫው ቤት ይሠራባታል። ቤት በተሠራ ቁጥር አርማታ የፈሰሰበት ሳንቃ ይፈታል፤ ሳንቃ ሲፈታ ሚስማር ይነቀላል። እናም ከርከሮው ከዘሩ እጅ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ዘሩ እጅ ሲመላለስ ኖረ። «አታውስ!» ይለዋል አባቱ በስልክ። «እሺ አባባ» ይላል ዘሩ። ያውሳል።

ክፍሉ ውስጥ መጋዝ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ውሃ ልክ አለ። ከርከሮ የለም።

ዳግማዊት ከአልጋው ስር፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ፈለገች። ከዚያ እንደገና ከአልጋው ስር ፈለገች። ወንድሟ «ትኩሳት ብቻ ነው» ብሎ ተኝቶ ሳይነሳ ከቀረ ወዲህ ነገር ሁሉ ይምታታባታል። ጋአን ሊባህ ሰፈር በምትሠራበት ቤት ሩዙ ላይ ስኳር ነስንሳ ነበር፤ አሠሪዋ ራሕሞ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ምንም ሳትል «ሂጂ፣ የወንድምሽን ጉዳይ ጨርሺ» ብላ ነው የላከቻት። አሁንም እግሯን ብታይ የተጫማችው አንዱ ጫማ የራሷ፣ አንዱ የዘሩ ነው።

እንደዚያው ሆና ወደ ደጅ ወጣች። አጠገቡ የአስሊ ሱቅ አለ። አስሊ ጅግጅጋ ያደገች፣ አማርኛን እንደ ልቧ የምትናገር፣ ሰፈሩን በምላሷ የምትገዛ ሴት ናት። ሱቁ ጥላ ስር እንደ ወትሮው ሰው ተቀምጧል። ዳግማዊት መሀላቸው ቆመችና ባላት ሶማልኛም ባማርኛም ጠየቀች፦

«የዘሩ ከርከሮ ማን ጋ ነው? የሙት ዕቃ ነው። አባቱ ይፈልጉታል።»

ለእሷ ይህ ጥያቄ ብቻ ነው። የሚያውቅ ይናገራል፣ የማያውቅ «እንጃ» ይላል ብላ ነበር። «እንጃ» ያለ ግን አልተገኘም። ጥላው ስር የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። አንዱ ሻዩን አስቀመጠ። አንዱ መሬት መሬት እያየ «ኢና ሊላሂ» አለ። አስሊ ሳትቀር ዝም አለች፤ አስሊ ዝም ስትል ዳግማዊት ያየችው ያኔ ነው። ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሮብሌ መጣ። የግንባታ ፎርማን ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ ዘሩባቤልን «የሰፈሬ ልጅ» እያለ ነበር የሚጠራው። ቁመቱ በሩን ሲገባ ያስጎነብሰዋል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋላት።

«እንቺ ዳጊ። እኔ ጋ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ሳትጠይቂ ማምጣት ነበረብኝ።»

ፈታችው። ሁለት መንጋጋ፣ አንድ እግር፣ ረጅም እጀታ። ደረቷ ላይ አስጠግታ አለቀሰች፤ ሮብሌ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሹልክ ብሎ ወጣ። ወዲያው ለአባቷ ደወለች።

«ተገኘ አባባ!»

«ተመስገን» አለ አባቷ፤ ድምፁ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ አስሊ መጣች። ከሽርጧ ስር አንድ ነገር አውጥታ አልጋው ላይ አኖረች።

«በይ፣ የወንድምሽ አማና፣ አደራው።»

ከርከሮ ነው።

ዳግማዊት ብረቱን አየች፤ አስሊን አየች። «እትዬ አስሊ፣ ተመልሶልኛል እኮ።»

«ማን ነው የመለሰው? ይሄው እኔ እየመለስኩልሽ!» አለች አስሊ፤ ቁጣም ሐፍረትም ባለበት ድምፅ። «ያዢው፣ ክርክር አያስፈልገውም» ብላ ሱቄን አለች።

ዳግማዊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ፈዛ ቀረች። ሁለት ነበሩት ይሆን? አባቷ የሰጠው አንድ ነው። ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ገዛ? ይህን ስታወጣ ስታወርድ በሩ ተንኳኳ፤ የተሰበረ አልጋና ቁም ሳጥን የሚጠግነው አቦኮር ነው። አማርኛው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ለመናገር አልተጨነቀም። ሦስተኛ ከርከሮ ደፉ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ «የዘሩ» አለና ሄደ።

አሁን ስልኳን አነሳችና ለአባቷ ደወለች፤ እንዳይነቃባትም ወሬውን ዞር አድርጋ ጠየቀች።

«አባባ፣ ከርከሮው ምልክት ነበረው እንዴ?»

«ምልክት ምን ያደርግለታል? እጀታው ላይ አውራ ጣትሽን አኑሪ። ስርጉድ ያለ ቦታ ታገኛለሽ፤ እኔ ነኝ በጣቴ የበላሁት።»

የመጀመሪያው እጀታ ላይ አውራ ጣቷን አኖረች፤ ስርጉድ ያለ መሰላት። ሁለተኛው ላይ አኖረች፤ ያም ስርጉድ አለ። ሦስተኛውም። ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁን አንዱም የለውም። የአባቷ አውራ ጣት የእሷን ሁለት ያህላል፤ በየትኛው ጣት ይለካ? አባቷ ዐይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ እጁ ግን አልደከመም። የሌላ ሰው ብረት ይዛ ብትገባ፣ በልጁ አርባ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት እጁን እጀታው ላይ ያሳርፍና ያውቃል። «ይህስ የልጄ አይደለም» ይላል። ያንን ቃል ከአፉ ልትሰማ ነው የምትሄደው?

ዕቃዋን ልታስር በተቃረበች ቀን ሦስቱንም ታቅፋ አስሊ ሱቅ ገባች፤ ባንኮኒው ላይ ደረደረቻቸው።

«እትዬ አስሊ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወንድሜ ስንት ከርከሮ ነበረው?»

«አንድ።»

«ታዲያ እነዚህ?»

አስሊ ቆጠረቻቸው፤ ደግማም ቆጠረች። «አጂብ!» አለች። ያን ጊዜ ሮብሌ የስልክ ካርድ ሊገዛ ገባ፤ ባንኮኒውን አይቶ ሊመለስ ሲል አስሊ እጅጌውን ያዘችው።

«ና እዚህ! የትኛው ነው ያንተ?»

«የኔ የለም፣ የዘሩ ነው። ይሄኛው።»

«የዘሩስ ይሄ ነው! ደግሞ አንተ ምን ልታመጣ ትችላለህ? ሳጥን ልከፍትበት ስጠይቀው እኮ ‹ሮብሌ ጋ ነው› ነው ያለኝ።»

«እኔ ጋ? ሥራ ላይ ሆኜ ስለምነው እኔን ‹አስሊ ጋ ነው› ብሎኛል!»

«እኔ ጋ ከሆነ አንተ ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ጋ ከሆነስ አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጥላው ስር ተቀምጦ ይሰማ የነበረው አቦኮር ነው ሳቁን መቋጠር አቅቶት የፈነዳው። በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስሊ ፊቷ እየቀላ ተረጎመች።

«አሮጌ ዕቃ ገበያ ወርጄ ገዛሁት ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ተውሼው ነበር፣ መለስኩ መሰለኝ፣ አልመለስኩም መሰለኝ፣ ጭንቅላቴ ዞረ ነው የሚለው።»

«አንቺስ?» አለች ዳግማዊት።

«እኔም።»

ሮብሌ ጣሪያ ጣሪያ አየ። «እኔ እንኳ የመለስኩት ይመስለኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ‹ይመስለኛል› ብዬ ከሙት ጋር ልከራከር?»

አስሊ የዳግማዊትን እጅ ያዘች። «አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ አላወቅሽም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ‹የሱ ነገር ማን ጋ ነው› ተብሎ በአደባባይ ከተጠየቀ፣ የነካው ሁሉ ይሸበራል። በሕይወት ያለን ‹መልሼልሃለሁ› ትይዋለሽ። የሞተን ምን ትይዋለሽ? አማናው አንገትሽ ላይ ይቀራል።»

ዳግማዊት መሳቅ አማራት፤ ማልቀስም አማራት። የትኛው መቅደም እንዳለበት ጠፋት። «ታዲያ የአባቴ የት አለ?» አለች በመጨረሻ።

መልሱ የመጣው ከበርበራ ነው። ክፍሌ፣ ከዘሩባቤል ጋር አንድ መወጣጫ ላይ ሲሠራ የኖረ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ለሥራ በርበራ ከርሞ ዓርብ ዕለት ሊያስተዛዝናት መጣ። ሦስቱን ከርከሮ አይቶ ታሪኩን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዳጊዬ፣ የት እንዳለ አላውቅም ብዬ አልዋሽሽም። እሱ ነው ያስማለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ሼክ ኑር ሰፈር ያንን ባለ በረንዳ ቤት ስንሠራ ነው። የምሰሶው ሳንቃ ውስጥ አርማታ እየሞላን ሳለ ከርከሮው ከመወጣጫው ተንሸራቶ ገባ። ዘሩ እጁን እስከ ብብቱ ሰደደ፤ አልደረሰበትም። ከላይ አርማታው እየወረደ ነው፣ ሠራተኛው እየጮኸ ነው፣ ምሰሶ ተጀምሮ እንዴት ይቋረጣል? ‹ሙሉት› አለ። ራሱ ነው ያለው። ከዚያ አንድ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ‹ክፍሌ፣ አባባ እንዳይሰማ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀውን ሁሉ ‹እገሌ ጋ ነው› ይላል።»

አባቱ በደወለ ቁጥር «ብረቴ ደህና ነው?» ሲል፣ «ደህና ነው፣ ተውሰውኝ ነው» የሚለው ወንድሟ ታወሳት። የአንድ ሰውን ቁጣ ፈርቶ ሰፈሩን ሁሉ ባለዕዳ አደረገው። ልትቆጣው ፈለገች፤ የምትቆጣው ሰው የለም።

ሮብሌ ሲሰማ መላ መታ። «የኔን ውሰጂ። በአሸዋ ወረቀት እጀታውን ስርጉድ አደርግልሻለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ?»

«ዝም በል አንተ!» አለችው አስሊ። «የልጁን ውሸት ለአባቱ ታስቀጥላታለህ?»

ዳግማዊት ከክፍሌ ጋር ሼክ ኑር ሄደች። ቤቱ ሰው ገብቶበታል። ክፍሌ ያሳያት ምሰሶ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ስሩ አንዲት ፍየል ታስራለች፤ ከእሱ እስከ ወዲያኛው ምሰሶ በተዘረጋው ገመድ ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል። የቤቱ እመቤት ምን ፈልገው እንደመጡ ስላልገባት በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ዳግማዊት መዳፏን ምሰሶው ላይ አኖረች። ፀሐይ አሙቆታል። በጣቷ አንኳኳች፤ የሚመልስ ድምፅ አልሰማችም። እንደዚያው መዳፏን ሳታነሳ ደወለች።

«አባባ፣ ዋሽቼሃለሁ። ከርከሮው አልተገኘም።» ሁሉንም ነገረችው፤ ምሰሶውን፣ እስከ ብብቱ የሰደደውን እጁን፣ «ሙሉት» ያለውን።

ከስልኩ ማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማች።

«ምን ተሸክሟል?» አለ አባቷ።

«ምኑ?»

«ምሰሶው ነዋ!»

«የበረንዳውን ጣሪያ። ሰው ይኖርበታል። ልጆች አሉ።»

«ተሰንጥቋል?»

ክፍሌን አየችው፤ ክፍሌ ራሱን ነቀነቀ። «አልተሰነጠቀም።»

«ብረት በገባበት ይሰነጠቅ ነበር፣ በደንብ ካልሞሉት» አለ አባቷ ለራሱ እንደሚናገር። «በደንብ ሞልቶታል ማለት ነው። ምነው ለእኔ ቢነግረኝ... እኔ ምን አደርገው ነበር? እጮህ ነበር። ከጮህኩ በኋላ ምን አደርገው ነበር?» በቀብሩ ቀን ያልሰማችውን ልቅሶ ዳግማዊት በሼክ ኑሩ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ ሰማችው። ፍየሏ ቀሚሷን ስትስብ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

ሲበርድለት፣ «ያኔ ተገኘ ያልሽው ታዲያ ምንድነው?» አላት።

«ሰዎች እየገዙ አመጡልኝ፣ አባባ። እያንዳንዳቸው እኔ ነኝ ያስቀረሁበት ብለው። ሦስት ሆነ።»

«ሦስት?»

«ሦስት። ልመልስላቸው?»

«እንዳታደርጊው! ሦስቱንም አምጪ። እጄ ላይ አንድ በአንድ አኑሪልኝና ማን እንዳመጣው ንገሪኝ፣ እኔም ልወቃቸው።»

ወጃሌ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዋን ከፍቶ ከልብሷ መሀል አንዱን ከርከሮ አወጣ። ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛውን ሲያወጣ ቀና ብሎ አያት።

«ለሽያጭ ነው?»

«አይደለም። የወንድሜ ናቸው።»

«ሦስቱም?»

«አንድ ነበረው» አለች ዳግማዊት።

ሰውየው ብረቶቹን አየ፤ እሷን አየ፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ከዚያ ሦስቱንም እንደነበሩ ልብሷ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ቦርሳውን ራሱ ዘግቶ አቀበላት።