ሦስተኛው በጋ

ካንሳስ ዝናብ ካየች ከርማለች። የከተማው ሣር ሁሉ ነዶ ቡኒ ሆኗል፤ በወይዘሮ አርዲስ ግቢ ጥግ ላይ ያለው የሜዳ አበባ ብቻ፣ ድርቁን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ አረንጓዴ ዘንጉን አቁሟል።

አበባውን የዘራው ባላቸው ሌሮይ ነው። ዘሩን የለቀመው ከባቡር ሐዲዱ ዳር፣ ማረሻ ነክቶት ከማያውቅ መሬት ነበር። «ይሄ ችኩል ሰው አይወድም» ይላቸው ነበር። «መጀመሪያ ሥሩን ከእኔና ካንቺ ቁመት በላይ ወደ ታች ይሰዳል። አበባውን የሚያሳይሽ በሦስተኛው በጋ ነው።» ሞት ግን ቀጠሮ አያከብርምና ሌሮይ ሁለተኛውን በጋ እንኳ ሳያይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አርዲስ የሚያወሩት ከሬዲዮው ጋር ነው።

ልጃቸው ካርላ ዊቺታ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝታላቸዋለች። መስከረም ላይ ሊገቡ፣ ቤቱም ሊሸጥ ነው። እሺ ያሉትም ዘንድሮ ሦስተኛው በጋ ስለሆነና አበባው፣ በዚያ አገር በጋ በሆነው ነሐሴ ላይ ስለሚፈነዳ፣ እሱን አይተው ለመሄድ ነበር። የዘንጉ ጫፍ ሐምራዊ መሆን ሲጀምር ካርላ መኖሪያውን ልታሳያቸው ወሰደቻቸው፤ አድረው ተመለሱ።

ግቢው ሙልጭ ብሎ ታጭዷል።

በዚያ አገር ሰው ሲታመም ወይም ከቤት ሲርቅ ጎረቤት ሣሩን ያጭድለታል። ማንም አይለምንም፤ ያላጨደ ነው የሚታማው። ጎረቤታቸው ሜልቪን ከአጥሩ ማዶ ማጨጃ መኪናውን ይጠርግ ነበር።

«እንኳን ደህና ገቡ፣ ወይዘሮ አርዲስ። ያ የጥጉ አረም ወገብ ደርሶ ነበር እኮ። በዚህ ድርቅ አንድ ክብሪት ቢወድቅበት ቤትዎን ይዞት ይሄድ ነበር።»

አርዲስ አረም አይደለም ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። ግን የሰውየው ሸሚዝ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ደግሞስ ሌሮይ ከሞተ ወዲህ ከሜልቪን ሌላ በራቸውን ያንኳኳ ማን አለ?

«ደከምክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን ደከምኩ! እስኪሄዱ ድረስ በየሳምንቱ አጭድልዎታለሁ፤ አያስቡ።»

ገብተው በሩን ዘጉና አለቀሱ። ለአበባው ይሁን ለሌሮይ፣ እሳቸውም አልለዩትም።

ወደ ማታ ካርላ ደወለች። «እማ፣ ዕቃሽን መጠቅለል ጀመርሽ?»

«ዘንድሮ አልመጣም።»

«እንዴት አትመጪም? ተስማምተን የለም እንዴ?»

«የአባትሽ አበባ ታጨደ። ሥሩ አልሞተም፤ የሚመጣው ነሐሴ ያብባል። አይቼው እመጣለሁ።»

«ያቺ ክፍል እኮ እስከዚያ አትጠብቅሽም። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? ደግሞ ሰማንያ አራት ዓመትሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። የሚመጣውን የበረዶ ወራት ብቻቸውን ሊያሳልፉት መሆኑ ያኔ ገባቸውና ፈሩ። እጃቸው ወደ ስልኩ ሄዶ ነበር፤ ግን መልሰው አልደወሉም።