የዶም ጋስፓር የሞት አልጋ

በመንደራችን ለሚሞት ሰው የሚወሰደው ቁርባን ቃጭል ሲሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ካህኑን ይከተላል። የሚሞተው ድሃም ይሁን ጌታ፣ መንደሩ እስከ አልጋው ድረስ ይገባል። ያን ቀን ቃጭሉ ወደ ትልቁ ግቢ ሲያቀና ለሾርባ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ልጄ ኢናሲያ እጄን ያዘችኝ። "እማዬ፣ ደግሞ ምን ልታደርጊ?"

"ሲሞት ላየው።"

"እይው እንጂ። ብቻ አፍሽን ያዢ።"

አፌን ይዤ አይደል የኖርኩት!

ሊሞት የተኛው የትልቁ ግቢ ጌታ ዶም ጋስፓር የጡት ወንድሜ ነው። እናቴ እሱን ያጠባችው እኔን ከጉልበቷ አውርዳ ነው። ጌቶች እንዲህ ናቸው፤ ልጆቻቸውን በድሃ ጡት ያሳድጉና ካደጉ በኋላ ማን እንዳጠባቸው ይረሳሉ። እሱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ "እህቴ ብሪቴሽ" ይለኝ ነበር። የጦር መኮንን ሆኖ ቆይቶ ባሕር ማዶ ምሽግ እንዲገዛ ሲሾም፣ "ልጅሽን ዱዋርቴን ስጪኝ፤ ሰው አደርገዋለሁ" አለኝ። ሰጠሁት። እንደኔ ያለች ጅል ከየት ይገኛል።

የጠላት መርከቦች መጡና ምሽጉ ያለ ውጊያ ተያዘ። ዶም ጋስፓር ሀብቱን ካጨቀባቸው ሣጥኖች ጋር አገሩ ገባ። ልጄ ግን በሩን ለጠላት የከፈተ ከሃዲ ተብሎ፣ ከምሽጉ ሸሽተው በደረሱበት ወደብ ተሰቀለ። የመሰከረበትም የፈረደበትም ገዥው ራሱ ነው። ንጉሡ ለጌታው አንገት የወርቅ መስቀል ሰጡ፤ ለልጄ አንገት ገመድ ደረሰው።

ከዚያ ወዲህ ስሜ የከሃዲው እናት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ የሚንበረከክ የለም። ኢናሲያን ያሰበ ጎረምሳ ሁሉ አባቱ ጆሮውን ጎትቶ ይመልሰዋል። ልብስ በምናጥብበት ወንዝ ሴቶቹ፣ "ብሪቴሽ፣ በርሽን ቆልፈሽ መጣሽ?" እያሉ ይሳሳቃሉ። ከምሽጉ የተረፈ አንድ አካለ ስንኩል ወታደር እየለመነ በመንደራችን ሲያልፍ እውነቱን ነግሮኛል፤ ሣጥኖቹ እንዳይነኩበት ከጠላት ጋር ተዋውሎ በሩን ያስከፈተው ጋስፓር ነው። ግን ለማኝ በጌታ ላይ ሲመሰክር ማን ሰምቶ ያውቃል?

ስደርስ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዶም ጋስፓር ሊቀበርበት ያሰፋውን ሻካራ የመነኩሴ ቀሚስ ለብሶ ተጋድሟል። ድሃ መስሎ እግዜር ፊት ሊቀርብ ነው፤ እግዜርን ማታለል አምሮት። ባሕር ማዶ ስንቱን ሰው ከቤቱ አስነቅሎ በሰንሰለት እያስነዳ ለባሪያ ነጋዴ የሸጠ ሰው። እነዚያ ሰዎች በዚያ ክፍል አልነበሩም፤ እነሱን ይቅርታ የጠየቀም የለም።

አባ ማቲያስ ቁርባኑን ይዘው፣ "ጌታዬ፣ የበደሉትን ሰው ይቅርታ ይጠይቁ" አሉ። ደንባችን ነው፤ ሟች ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሰው ሁሉ ይቅር ይላል፣ ከዚያ ይቆርባል።

"አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ" አለ።

"እግዜር ይቅር ይበልዎ" አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

"እኔ አላልኩም" አልኩ።

ልጁ ዶም ቪሴንቴ ዞሮ አፈጠጠብኝ። "ይቺን ሴትዮ ማን አስገባት?"

"ቃጭሉ፣ ጌታዬ። አባ፣ ስለ የትኛው በደል ይቅር እንደምለው ይንገረኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

"ብሪቴሽ፣ እዚህ ክርክር አይደረግም" አሉ አባ።

"ታዲያ የት ልከራከር? ዳኛው የሱ፣ ግቢው የሱ።" ወደ አልጋው ተጠጋሁ። መኮንን ከሆነ ወዲህ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። "ጋስፓር፣ በሩን ማን አስከፈተው?"

ዓይኑ ቁርባኑ ላይ ተተክሏል። መፍራቱን አየሁ።

"እኔ" አለ። "ዱዋርቴ ቁልፉን አልሰጥም ብሎ ታገለኝ። እንዳይናገርብኝ ነው ያሰቀልኩት።"

ከኋላ አንዲት ሴት ጮኻ አማተበች። ዶም ቪሴንቴ ላብ አጠመቀው። "ይቃዣል፤ ትኩሳቱ ነው። ይህን የሚቃዥ ሰው ቃል ማንም ይዞ እንዳይወጣ።"

የአባ ማቲያስ እጅ ባለበት ቆመ። "ጌታዬ፣ አባትዎ የሚቃዡ ከሆነ ላቆርባቸው አልችልም። ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም።"

ዶም ቪሴንቴ ይህን አላሰበበትም። አባቱን አየ፤ ቆይቶ እኛን አየ። በአባቱ ነፍስና በቤቱ ስም መካከል ሲዋልል ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

"ይቃዣል አልኩ እኮ" አለ።

እንግዲህ የወለደው ልጅ ይህ ነው። አባ ቁርባኑን ሊሸፍኑ ጨርቁን አነሱ። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"አይቃዥም" አልኩ። "ይጠይቁት።"

አባ ጎንበስ አሉ። "በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?"

"የጌታዬ ሥጋ።"

"ይህቺስ ማን ናት?"

"ብሪቴሽ። ልጇን የገደልኩባት።"

አንጥረኛው ሲማኦ ከበሩ ሥር፣ "እንደ ዛሬ ጤነኛ ሆኖም አያውቅ" አለ። ዶም ቪሴንቴ ሰዉን እየገፈተረ ወጣ።

"ይስጡት፣ አባ" አልኩ። "ያየ ወታደር ነግሮኛል፤ ልጄ ገመዱ ሥር ቆሞ ካህን ሲለምን፣ ለከሃዲ አይገባውም ብሎ የከለከለው ይህ ሰው ነው። እኔ አልከለክለውም። ይቅር ግን አላልኩትም። ቆርቦ ይሂድና ይቅርታውን ዱዋርቴን ይጠይቅ።"

አቆረቡት። ለመዋጥ ጭንቅ ሆነበት። ወጣሁ።

ሲማኦ ደጁ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀኝ። "ብሪቴሽ፣ አላወቅንም እኮ" አለኝ።

"አልጠየቃችሁማ" አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።