ሁለት ቦታ የተነከሰ ዳቦ

ማርጊላን ከተማ ውስጥ፣ እትዬ ኦይዲኒሳ ቤት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከታመሙ ወዲህማ ግቢው ለቅሶ ቤት መስሏል፤ ልዩነቱ ሟቹ ትራስ ተደግፎ ሻይ መጠጣቱ ነው። ልጃቸው ቶልቂን ለጠያቂው ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል። ጠያቂውም ካንሰር መሆኑን እያወቀ «አይ የዘንድሮ ብርድ» ብሎ ይቀመጣል። እሳቸውም እያወቁ፣ ለይሉኝታ ያስላሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ የጋገሩበትን ምድጃ ማንም አያስነካቸውም። «እርስዎ ይረፉ» ነው መልሱ። ሰው በበዛ ቁጥር ብቸኝነቱ ባሰባቸው። የሚያወራላቸው ሞልቷል፤ የሚያዋያቸው ነው የጠፋው።

ታሽከንት ለቀዶ ሕክምና የሚሄዱበት ጠዋት ደረሰ። ከዚያ ቤት ሩቅ የሚሄድ ሁሉ ደጃፉ ላይ ዳቦ አንዴ ነክሶ ይወጣል፤ የቀረው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ራሱ ይጨርሰዋል። ካዛን ለሥራ የሄደው የወንድማቸው ልጅ ዳቦ እስካሁን ተሰቅሏል። ዛሬ ግን ዳቦ የያዘ እጅ አልተዘረጋም።

«የኔስ ዳቦ?» አሉ፣ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ እንዳስገቡ።

ቶልቂን መሬት መሬት አየ። «ለምርመራ እኮ ነው እማዬ። ብናስነክስዎ የማይመለሱ እንዳይመስልዎት ብለን...»

«ካልነከስኩ ምን ይጠብቀኛል? ካንሰር ነው ቶልቂን። ጡቴን ሊቆርጡት ነው። በል አንተም በለው።»

ሊሸኝ የወጣው ጎረቤት ሁሉ ያንን ብርድ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ካንሰር ነው» አለ ቶልቂን፣ እንደተቆጡት ሕፃን።

ይኼኔ ምራታቸው ሙያሳር ከሽርጧ ሥር ትኩስ ዳቦ አወጣች። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት።

«ማን ነከሰው?»

«እኔ። አብሬዎት አይደል የምሄደው?»

እትዬ ኦይዲኒሳ በሌላው ወገን ነከሱና ረጋ ብለው አላመጡ። «ጨው አንሶታል» አሉ። ቶልቂን ሰቀለው።

የተመለሱት ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቁ ሲመጡ፣ እትዬ ኦይዲኒሳን ሻሻቸውን አውልቀው፣ በመድኃኒቱ ፀጉሩ ያለቀው ራሳቸው እንደ ሳህን እያበራ፣ ግቢው መሀል ተቀምጠው አገኟቸው።

«ብርዱ እንዴት ነው እትዬ?» አለች አንዷ በልማድ።

«ካንሰሩን ነው? ቆርጠው ጣሉት። ተመልሶ ከመጣም ስሙን እናውቀዋለን።»

አማትና ምራት ድንጋይ የሆነውን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ጨረሱት፤ ለማንም አላቀመሱም። እትዬ ኦይዲኒሳ ጣታቸውን ልሰው ወደ ምድጃው ዞሩ።

«አሁንም ጨው ያንሰዋል። ነገ አብረን ነው የምናቦካው።»